ቁልፉን ይልቀቁት!

ባኦፌንግ የምትባል የቻይና የእጅ ሬዲዮ መገናኛ አለች። ውጭ አገር ዋጋዋ 30 ዶላር አይሞላም። መዳፍ ውስጥ ትገባለች፤ አናቷ ላይ ትንሽ መብራት አላት፤ ቁልፎቿን ሲጫኑ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ቁጥሩን ትጠራለች። ዩቪ-5አር የተባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ያልደረሰበት አገር የለም ማለት ይቻላል። አማተር የሬዲዮ ሰዎች ይማሩባታል፤ ፎርማኖች ከክሬን ኦፕሬተር ጋር ይነጋገሩባታል፤ ተራራ ወጪዎች ቦርሳቸው ውስጥ ይከቷታል። እኔ የማወጋችሁ ግን ከሐሙሲት ወጣ ብሎ፣ ጉማራ ወንዝ ዳር፣ ስላዋለችን አንድ የሐሙስ ውሎ ነው።

ሐሙሲትን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዘ ሁሉ ያውቃታል፤ አስፋልቱ መሐሏን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ከእሷ ቀጥሎ ጉማራን ተሻግሮ ፎገራ ሜዳ ይመጣል፣ ከዚያ ወረታ፤ ከወረታ ወደ ቀኝ የታጠፈ በአለምበር በኩል ሽቅብ ደብረ ታቦር ይወጣል። ሐሙስ ሐሙስ መኪናው ሁሉ ሐሙሲት ሲደርስ ያዘግማል። ከደራ ደጋ ዳጉሳና ጤፍ የጫኑ አህዮች፣ ከፎገራ ሩዝና ሽንኩርት የያዙ ገበያተኞች፣ በግና ፍየል የሚነዱ ልጆች መንገዱን ይሞሉታል። ከአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ ሲገቡ ደግሞ አገሩ መልኩን ይለውጣል፤ ሜዳው ያልቅና ጋራና ሸለቆ ይጀምራል። ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚወርደው በዚህ በኩል ነው። ወገቡንና ጉልበቱን የታመመ ሰው ከየአገሩ እየመጣ የሚነከርበት የዋንዛዬ ፍል ውሃም እዚያው ዳርቻው ላይ ነው።

እዚያ የወረድነው በ2011 ዓ.ም. በጋ፣ ለአንዲት አነስተኛ የመስኖ ቦይ ቅየሳ ነበር። እኔ የቅየሳ መሣሪያውን፣ ቶታል ስቴሽኑን እይዛለሁ፤ አንድ የወረታ ልጅ ፕሪዝም የተሰካበትን ዘንግ ተሸክሞ ከነጥብ ነጥብ ይዞራል፤ ሾፌራችን መኪናውን ይይዛል። ቅየሳ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው በመሣሪያውና በዘንጉ መካከል ብዙ ንግግር አለ። ትንሽ ወደ ግራ፣ ዘንጉን ቀጥ አድርግ፣ ስንት ላይ ነው ያቆምከው፣ በቃ ቀጥል። ድሮ ይህ ሁሉ በእጅ ምልክትና በጩኸት ነበር፤ ማታ ማታ የሁላችንም ጉሮሮ ይዘጋል። ለዚህ ሥራ ግን የቀጠረን ድርጅት ሦስት ባኦፌንጎች ሰጠን፤ ፈቃድ የወጣላቸው፣ ፍሪኩዌንሲ የተመደበላቸው። አንዷ ከእኔ፣ አንዷ ከልጁ፣ አንዷ ከሾፌሩ ጋር ትውላለች።

ከሬዲዮ ጋር የተዋወቅሁት ግን በዚያ ሥራ አይደለም። አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ስማር የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ነው። አማተር ሬዲዮ ማለት ሰዎች ለገንዘብ ሳይሆን ለመማርና ለመሞከር ብለው፣ ተፈትነው ፈቃድ አውጥተው፣ በተፈቀደላቸው ፍሪኩዌንሲ የሚነጋገሩበት ነው። ዓለም ላይ ከኢትዮጵያ የሚነሣ የአማተር ድምፅ ጥቂት ስለሆነ፣ አንድ ተማሪ ማይክሮፎኑን ጨብጦ «ኤኮ ታንጎ ትሪ አልፋ አልፋ» ሲል ጣሊያኑ፣ ጃፓኑ፣ ሩሲያው፣ አሜሪካዊው ባንዴ ይንጫጫል። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ሁለት ፊደል ለቅሞ፣ የአንዱን ሰው ስም ጠርቶ፣ «አምስት ዘጠኝ ትሰማለህ»፣ ማለትም ጥርት ብለህ ትሰማለህ፣ ብሎ መልሶ፣ ወደ ሌላው መዞር ትልቅ ሙያ ነው። እኔ ጆሮዬ የተከፈተው እዚያ ነው። የኤሌክትሮማግኔቲክስ መጽሐፍ ላይ ያሉት ቀመሮች እውነት መሆናቸውን ያመንኩትም ፈተና አልፌ አይደለም፤ ጣሪያ ላይ የቆመ የአልሙኒየም ዘንግ ያስተላለፈውን ድምፅ ኦሳካ ያለ ሰው ሲመልስልኝ ሰምቼ ነው።

ስለዚህ ባኦፌንግን ስይዝ ምን እንደምትችልና ምን እንደማትችል አውቃለሁ። ጉልበቷ አራት ዋት ገደማ ነው። የምትሠራበት የሞገድ ዓይነት ቪኤችኤፍና ዩኤችኤፍ ይባላል፤ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ጋራ ካገኘ እዚያው ይቀራል። ሜዳ ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ቢበዛ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ቢደማመጡ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመሬት ጉብጠት ራሱ ይከልላቸዋል። አንደኛው ተራራ ላይ ከወጣ ግን ያው አራት ዋት መቶና ከመቶ በላይ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። መጠየቅ የነበረበት «የት ቆመህ ነው?» ብሎ ነበር።

የዚያን ሐሙስ ሾፌሩ ለምሳና ለገበያ ወደ ሐሙሲት ሄዷል። የፈቃዱ ኮፒ በመኪናው ኪስ ውስጥ ነው። ልጁ ወንዙን ተሻግሮ ከማዶው ጋራ ትከሻ ጀርባ ዞረ፤ ድምፁ መቆራረጥ ጀመረ፣ ከዚያ ጠፋ። ጋራ ስለገባበት ነው ብዬ ጠበቅሁ። መሣሪያዬን አስተካክዬ፣ ነጥቦቼን መዝግቤ፣ ውሃ ጠጥቼ ጠበቅሁ። ድንገት ሬዲዮዋ ተንሾካሾከችና የማላውቀው ጎርናና ድምፅ ወጣ።

«ሃሎ! ማነህ አንተ? ከወዴት ነህ? ይሄን ልጅ ማን ላከው?»

ልጁን የቀበሌ ሚሊሻዎች ይዘውታል። አንቴና ያለው ጥቁር ነገር ይዞ፣ በዘንግ ላይ የሚያብለጨልጭ መስታወት ተሸክሞ፣ ከሰው ጓሮ ጓሮ የሚዞር እንግዳ ልጅ ነው ያገኙት። ጠይቀውታል፣ «ማዶ ካለው ሰው ጋር ነው የምነጋገር» ብሏል፤ «እንግዲያው እስኪ አነጋግረን» ብለው ሬዲዮዋን ተቀብለውታል። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ሰው የመናገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ እንዳልለቀቀ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። ስልክ ሁለት ሰው እኩል ሲናገር ያስተላልፋል፤ የእጅ ሬዲዮ ግን ወይ ይናገራል ወይ ይሰማል። ቁልፉ እስከተጫነ ድረስ የማዶው ሬዲዮ ደንቆሮ ነው፤ እኔ ብጮህ፣ ብለምን፣ ስሜን ብጠራ አይሰማኝም። ሰውየው ይጠይቃል፤ መልስ ይጠብቃል፤ ቁልፉን ግን እንደጨበጠ ነው። «ለምን አትመልስም?» ይላል። ከአጠገቡ ያሉት ሲያወሩ ይሰማኛል። «ዝም አለ።» «ሸሽቶ ይሆናል።» «ልጁንም ዝም ብሎ የሚለቀው የለም።» የልጁ ድምፅም ከሩቅ ይመጣል፤ «አባባ፣ ልቀቁት፣ ልቀቁት!» ይላል፤ እነሱ ደግሞ እሱን ልቀቁኝ የሚል መስሏቸው «ቆይ፣ የት ትሄዳለህ!» ይሉታል። እያንዳንዱ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፤ የእኔ አንዲት ቃል ግን እዚያ አትደርስም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ አቅም ማጣት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ያዳነን ባኦፌንግን የሠሩ ሰዎች ያስቀመጡት አንድ ነገር ነው። ቁልፉ ለአንድ ደቂቃ ሳይለቀቅ ከተያዘ ሬዲዮዋ ራሷ ማስተላለፉን ታቆምና ታፏጫለች፤ ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲያ ሆና ነው የተሞላችው። ባትሪ እንዳያልቅ፣ መስመሩም እንዳይዘጋ ታስቦ ነው። ፉጨቱን ሲሰማ ሰውየው ደንግጦ ቁልፉን ለቀቀ። ያቺን ቅጽበት አላሳለፍኳትም።

«ጌታዬ፣ ቁልፉን ይልቀቁት! ሲናገሩ ይጫኑት፣ ሲሰሙ ይልቀቁት! እኔ ቀያሽ ነኝ፣ ወንዙ ማዶ ነው ያለሁት!»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ በዝግታ «እንዲህ ነው?» አለ።

«አዎ ጌታዬ፣ እንደዚያ ነው።»

«ኧረ ጉድ ነው! ... ደኅና። ቀያሽ ከሆንክ ወረቀትህን ይዘህ ቀበሌ ና። ልጁ ከእኛ ጋር ነው፤ አይዞህ፣ የሚነካው የለም።»

ወረቀቱ ሐሙሲት ነው። ሸለቆው ውስጥ የስልክ ኔትወርክ የለም። ሾፌሩን በሬዲዮ ጠራሁት፤ ጸጥ። ወደ ጠጠሩ ወረድኩ፣ ወደ እርሻው ወጣሁ፣ ጸጥ። አንድ ፍየል ጠባቂ ልጅ፣ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ቢሆን ነው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ነበር። መጣና «አያ፣ ሰው እየጠሩ ነው?» አለኝ።

«አዎ። ሐሙሲት ያለ ሰው ነው።»

«ከዚህ ሆነው ማን ይሰማዎታል? መጣሪያው እዚያ ላይ ነው» ብሎ በአገጩ አሳየኝ። ከበላያችን ሾላ የበቀለባት ጉብታ አለች። ሰው ሲሞት መርዶ የሚነገረው፣ ከብት ሲጠፋ የሚጠየቀው፣ ለደቦ የሚጠራው ከእሷ ላይ ነው። ከእሷ የተጣራ ሰው ማዶም፣ ላይም፣ ታችም ያሉት ይሰሙታል፤ ከእሷ ሁለት መቶ እርምጃ ወረድ ያለ ግን የጎረቤቱ ውሻ እንኳ ዞር ብሎ አያየውም። ልጁ ይህን ያወቀው ከአባቱ ነው፤ አባቱም ከአባቱ።

ተከትዬው ወጣሁ። ጉብታዋ ላይ ስቆም እውነትም ምዕራቡ በሙሉ ተዘርግቷል፤ የፎገራ ሜዳ ጭጋግ፣ ከዚያ ወዲያ የጣና ነጭ መስመር። የሰው ድምፅና የቪኤችኤፍ ሞገድ በብዙ ነገር አይገናኙም፤ ጋራ ሲጋርዳቸውና ከፍታ ሲያግዛቸው ግን ባሕርያቸው አንድ ነው። የዚያ አገር ገበሬ በጉሮሮው ያጠናውን መልክዓ ምድር እኛ በኮምፒውተር ለማወቅ ስንት ቀን እንደምንደክም አስቤ በጣም ተገረምኩ።

አንድ ነገር ደግሞ አደረግሁ። ባኦፌንግ ከነካርቶኗ የምትመጣበት የጎማ አንቴና አጭር ነው። የሞገዱ ርዝመት ሁለት ሜትር ያህል ሲሆን፣ ደኅና አንቴና የዚያን ሩብ፣ ግማሽ ሜትር ሊሆን ይገባል፤ የጎማዋ ግን ጥምዝምዝ ሽቦ ተደብቆባት ወደ አንድ ስንዝር ያጠረች ናት። ሁለተኛው ጉድለት ደግሞ አንቴና ግማሽ አካሉ ከታች ያስፈልገዋል፤ መኪና ላይ ጣሪያው ያንን ይሰጣል፣ የእጅ ሬዲዮ ላይ ግን የሚይዘው ሰው ሰውነት ነው ያንን የሚተካው፣ እሱም በቅጡ አይደለም። ስለዚህ ከቦርሳዬ ግማሽ ሜትር የኤሌክትሪክ ሽቦ አወጣሁ፤ ጫፉን ልጬ ከአንቴናው መጋጠሚያ የብረት ቀለበት ሥር አስገብቼ አጥብቄ፣ ቀሪውን ወደ ታች ለቀቅሁት። የሬዲዮ ሰዎች ጅራት ይሉታል። ምንም ወጪ የለበትም፣ ልዩነቱ ግን በጆሮ ይሰማል።

ጠራሁ። ሾፌሩ በመጀመሪያው ጥሪ መለሰ። «ኧረ እሰማሃለሁ! በግ ዋጋ እየተከራከርኩ ነው፣ ምን ሆናችሁ?» ከሱ ጋር በቀጥታ መስመር ከዐሥር ኪሎ ሜትር በላይ እንራራቃለን፤ ድምፁ ግን አጠገቤ የቆመ ያህል ጥርት ብሎ ነበር። ፍየል ጠባቂው ልጅ ሬዲዮዋን አይቶ እኔን አየ፤ ከዚያ መልሶ ወደ ምዕራብ አየ።

ሾፌሩ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስንደርስ ሊቀ መንበሩ ሽበት የጀመራቸው ረጋ ያሉ ሰው ሆነው አገኘናቸው። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የሬዲዮዎቹ መለያ ቁጥሮች ተዘርዝረውበታል። «እንግዲህ ቁጥሩ ቁጥሩን ይምሰል» አሉና ሬዲዮዎቹን ጠረጴዛ ላይ አስደረደሩ። የባኦፌንግ መለያ ቁጥር ያለው ከባትሪው ሥር ነው። እያንዳንዷን ባትሪ አውልቄ አቀረብኩላቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው፣ በጣታቸው ወረቀቱን ተከትለው፣ ቁጥር በቁጥር እየጠሩ አመሳከሩ። አንደኛዋ ልክ ነች። ሁለተኛዋም። የሦስተኛዋ ግን፣ ልጁ የሚይዛት ስለሆነች፣ የተለጠፈባትን የቁጥር ወረቀት ላብና አቧራ በልቶት የመጨረሻዎቹ አኃዞች ጠፍተዋል።

«ሁለቱን አመንኩ» አሉ። «ይህችን ግን በምን ልመን? ነገ ሰው ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ?»

ሰው እንዲህ ያለውን ሹም ቢሮክራት ብሎ ያማዋል፤ እኔ ግን ያን ቀንም፣ አሁንም፣ ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ባኦፌንግ በቁልፍ ሰሌዳዋ ማንኛውንም ፍሪኩዌንሲ ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝ፣ ከ400 ጀምሮ ደግሞ እስከ 480 ወይም 520 ድረስ ትቀበላለች። ለአማተር የተመደበው ከዚያ ውስጥ እንደኛ ባለው ክልል ከ144 እስከ 146፣ ከ430 እስከ 440 ያለው ብቻ ነው። የቀረው የሌሎች ነው፤ የድርጅት፣ የመርከብ፣ የጸጥታ። ይህ ልቅነቷ አሜሪካኖችንም አስቸግሯል፤ የእነሱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ያሉ ሬዲዮዎችን ለሚሸጡና ለሚጠቀሙ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። አንድ የገጠር ቀበሌ ሊቀ መንበር ቢጠራጠሩ ምን ይገርማል?

ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ሰው ተላከ፤ ወረዳ እንዲደውል፣ ወረዳ ደግሞ ድርጅቱን እንዲጠይቅ። እስኪመሽ ጠበቅን። ጠላና የባቄላ ንፍሮ መጣልን። ሚሊሻዎቹም፣ ያ ቁልፉን ጨብጦ የነበረው ሰው ጭምር፣ አብረውን ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ ሬዲዮናቸውን ይዘው መጡ፤ የቆዳ ልብስ የተሰፋለት፣ አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ የተቀጠለ። ማታ ማታ በአጭር ሞገድ የጀርመን ድምፅን ያዳምጡበታል። ያ የአማርኛ ዝግጅት እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚተላለፍ ስለሆነ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው አርጅቷል።

«እንዲያው ልጠይቅህ ልጄ» አሉኝ። «ይህ የእኔው የጀርመንን ወሬ ያመጣልኛል። የእናንተ ግን ከጋራ ጀርባ ያለ ሰው አታመጣም። ይህ ምን ዓይነት ነገር ነው?»

ከዚያ የተሻለ ጥያቄ አምስት ኪሎም አልተጠየቅኩም። እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው። ከበላያችን፣ ከደመና በጣም ርቆ፣ አዮኖስፌር የሚባል በፀሐይ የሚሞላ ሽፋን አለ። አጭር ሞገድ እዚያ ሲደርስ ይታጠፍና ወደ መሬት ይመለሳል፤ አንዳንዴ መሬቱም መልሶ ያነሣዋል፤ እየነጠረ አህጉር ይሻገራል። ኢቲ3ኤኤ ከአምስት ኪሎ ጃፓን የሚሰማው በዚህ ነው። የእጅ ሬዲዮ ሞገድ ግን ሽፋኑን ሰንጥቆ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ አይመለስም። ስለዚህ ከጋራ ጀርባ ያለውን ሰው ባታገኘውም ከበላይዋ የሚያልፈውን ታገኛለች። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ መሬትን ይዞራል፤ በአገራችን ላይም ያልፋል። ጠፈርተኞቹ የአማተር ሬዲዮ አላቸው፤ የሚናገሩበት 145.800 ሜጋኸርዝ ነው፤ እንዲህ ባለች ርካሽ ሬዲዮ ገላጣ ቦታ ቆሞ ይሰማል። ከጠፈር ሆኖ ከአማተሮች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገረው ኦዌን ጋሪዮት የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1983 መጨረሻ፣ ኮሎምቢያ በተባለችው መንኮራኩር። የያዘውም ጉልበቱ ከዚህች ብዙ የማይበልጥ የእጅ ሬዲዮ ነበር፤ አንቴናውን ግን መስኮቱ ላይ ለጥፎታል።

ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩና «ያማ መጣሪያው ላይ ወጥቶ ነዋ!» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን ቁም ነገራቸውን ነበር፣ ነገሩን ከእኔ ባጠረ ቃል ጨርሰውታል።

ሊቀ መንበሩም ከሬዲዮዋ የሆነ ነገር ለመስማት ፈለጉ። በፈቃዳችን ላይ ስማቸው የሌለ ሰዎችን ማናገር አልችልም፤ ባኦፌንግ ግን ኤፍ ኤም ጣቢያም ትቀበላለች፣ ለዚያ ፈቃድ አያሻም። ከጎኗ ያለችውን ቁልፍ ተጭኜ 96.9 ላይ አደረግኳት፤ ባሕር ዳር ኤፍ ኤም ሙዚቃ እያሰማ መጣ። ያ ሚሊሻ ተቀብሎኝ ጆሮው ላይ አደረጋት። አውራ ጣቱ ግን ከመናገሪያው ቁልፍ ርቃ፣ ወደ ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ከመሸ በኋላ መልስ መጣ፤ ሦስተኛዋም የእኛው እንደሆነች ተረጋገጠ። ሊቀ መንበሩ በወረቀቱ ጀርባ ላይ አይቼዋለሁ ብለው ጽፈው፣ ፈርመው፣ ማኅተም መቱበት። ከዚያ ጀምሮ ሥራው እስኪያልቅ ያን ማኅተም ያየ ሁሉ አሳለፈን።

እኔ ከዚያ ውሎ የያዝኩት አቋም አለ፤ ለሚሰማኝ ሁሉ እለዋለሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቁ የደረሰውን የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ጎርፍ የሚመጣው ከላይ ነው፤ ከጉና ግርጌ የጣለው ዝናብ ሜዳ እስኪደርስ ሰዓታት ይወስድበታል። ላይ ያለ ሰው ታች ላለው የሚነግርበት፣ መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ቢቋረጥም የሚሠራ መንገድ ቢኖር ከብትና ሕፃን ለማሸሽ ጊዜ ይገኛል። በሌላው ዓለም ይህን ሥራ በአደጋ ጊዜ የሚያግዙት አማተሮች ናቸው፤ ተፈትነዋል፣ ተመዝግበዋል፣ የጥሪ ስም አላቸው፣ ማን ምን እንደተናገረ ይታወቃል። እኛ ዘንድ ግን ሙያው ለብዙ ጊዜ አምስት ኪሎ ላይ ተወስኖ ቆየ። ደብረ ታቦር ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ባሕር ዳር ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት አገር ልጆች አንቴና ሠርተው፣ ፈተና ተፈትነው፣ በሕግ ጥላ ሥር ለምን አይናገሩም? በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረውም እሱ ነው። በር የሚከፈተው በዚያ በኩል ነው፤ በድብቅ ሻንጣ በገባች ባኦፌንግ አይደለም። ያለ ፈቃድ የተያዘች አንዲት ሬዲዮ ለዐሥር ባለፈቃዶች ጠንቅ ናት።

ይህን ስል አገሩ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ሳልረሳ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው። ዛሬ በዚያ ሸለቆ አንቴና ያለው ነገር ይዞ ለቅየሳ የሚወርድ አይኖርም፤ ማንም እንዲሞክረውም አልመክርም። ያኔ በጠላና በንፍሮ ያለቀው ነገር ዛሬ በምን ሊያልቅ እንደሚችል ሳስብ ሰውነቴ ይቀዘቅዛል።

ፍየል ጠባቂው ልጅ አድጓል። ያን ቀን ስልክ ቁጥሬን በመዳፉ ጽፎ ነበር የሄደው፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይደውላል። በአንድ ወቅት «ከጉና ጫፍ ቢሆን እስከ የት ይሰማል?» አለኝ። የከፍታውን ስኩዌር ሩት በ4.12 ማባዛት እንደሆነ ነገርኩት፤ ከፍታው በሜትር፣ መልሱ በኪሎ ሜትር። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ላይ ነው፤ ጉና ከ4,000 በላይ። ልዩነቱን 2,200 ብሎ ያዘ፣ ስኩዌር ሩቱን 46.9 አገኘ፣ አባዛ፣ «193!» አለ። ጎንደርም፣ ባሕር ዳርም እዚያ ውስጥ ይገባሉ።

«ይህ ወረቀት ላይ ነው» አልኩት። «መሐል ላይ ጋራ ካለ ቀመሩ አይሠራም። ካርታ ፈልግና ከጉና ሐሙሲት መስመር አስምር፤ መስመሩ የሚነካቸውን ኮረብታዎች ቁመት በየተራ ጻፍ።»

ከብዙ ሳምንት በኋላ በደብተር ወረቀት ላይ የሠራውን ሥዕል ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። የመሬት ጉብጠትን ማስገባት ስለማያውቅ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ኮረብታዎቹን ግን አንድ በአንድ አስቀምጧቸዋል፤ ወደ ሐሙሲት የቀረበ አንዱን በቀይ ከቦታል። ጉብጠቱን እንዴት እንደሚያሰላ ጽፌ መለስኩለት፤ ያንን ኮረብታ እንደገና እንዲለካውም ነገርኩት።